የደቡቡ በር

ሻምበል፣

ዛሬ ዳቦ ቤት የጠዋት ተረኛ ነኝ፤ መሄዴ ነው። እንደለመድከው ሸሚዝ ልትቀይር ብቅ ካልክ፣ የታጠቡት ገመዱ ላይ አሉ። ሰማያዊው ገና አልደረቀም። የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ጠበቅ አድርገህ ዝጋው፣ ያንጠባጥባል።

ኮምፒውተሩን እንዳታጠፋው።

የጥንቱን ጦርነት ጨዋታ ብቻዬን ልጨርሰው ብዬ ነበር። ከተማዋ እንደምታውቃት ሁለት በር አላት፤ ሰሜኑን እኔ፣ ደቡቡን አንተ እንደያዝን ነው ያቆምነው። እጮኛህ ዘንድ መዋል ማደር ከጀመርክ ወዲህ ሁለቱንም ጦር እኔው እየመራሁ አምስት ጊዜ ተሸነፍኩ። ሁሌም የሚሰበረው ያንተ በር ነው። አንተ ፈረሰኞችህን ዓይንህን ሳታሽ ታወጣቸው ነበር፤ እኔ ሳወጣ ሳወርድ ጠላት ግንቡ ላይ ይወጣል።

ባለፈው አንተ እጮኛህ ፊት «በዚህ ዕድሜህ ጨዋታ?» ስትለኝ በሩን ደርግሜ ወጣሁ። እሷ ምን አጠፋች? ሰላም በልልኝ።

ጦርህ በሩ ላይ እንደቆመ ነው። አንድ ዙር ብቻ ተቀመጥ።

ካልሆነም ጨዋታውን አንተው ዝጋው። እኔ ሦስቴ ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ።