ልጄን በመዝገብ ስላስወጡልኝ

ለተከበሩ የበረሃው ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ ዋና ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? የእርስዎም የቤተሰብዎም ጤና የተሟላ እንዲሆን እመኛለሁ። ቢሮዎ ደህና መሆኑን በላካችሁልኝ ሦስት መልሶች ስላወቅሁ ለእሱ አልሰጋም። እኔም ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ እጄም ለመጻፍ አይፈጥንም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ሳምንታት ቢወስድብኝ አይፍረዱብኝ። በጋዜጣ እንዲወጣ የፈለግሁትም እንደ ቀድሞዎቹ በፖስታ ልኬው ስትከፍት ጸሐፊዎ እንዳትደክም አስቤ ነው።

ጉዳዬ ቀላል ነው። ሸለቆውን አቋርጦ የሚያልፈውንና ሰባት መመልከቻ ያለውን መንገድ በመኪና መጎብኘት እፈልጋለሁ። ጉዞውን ያቀደችልኝ ልጄ ናት። ልጄ የተማሪዎች የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ቤት ጨርቅ ቆራጭ ነበረች፤ ሁለቴ ሳትለካ መቀስ አታነሳም። ከምሠራበት ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ጡረታ ስወጣ ይህን ሸለቆ እንደምታሳየኝ ቃል ገባችልኝ። ከዚያም መንገዱ ለጉልበቴ ይስማማ እንደሆነ ቀድማ ብቻዋን ሄዳ ልታይ የወንድሜን መኪና ተዋሰች። ወንድሜ ቁልፉን ሲሰጣት ለገደሉም ሱሪ ልትሰፊለት ነው ወይ ብሎ ቀልዶባት ነበር። አሁን ያን ቀልድ ማንም ሳይጠይቀው ደጋግሞ ያነሳዋል፤ አይስቅም እንጂ።

ይህ የሆነው አምና ነው። ልጄ ከፓርክዎ በሕይወት አልተመለሰችም። ዕቅዱን ካቆመችበት የምቀጥለው እኔ ስለሆንኩ በሚከተሉት ነጥቦች ላይ የክቡርነትዎን ምክር በትሕትና እለምናለሁ።

፩. ስለ ደረጃው። ልጄ በደብተሯ «አንደኛው መመልከቻ፦ ደረጃው አርባ ሁለት። ለእማዬ አይሆንም፤ መኪና ውስጥ ትጠብቀኝ» ብላለች። በራሪ ወረቀታችሁ ግን «ለሁሉም ዕድሜ ምቹ» ይላል። ወረቀታችሁ ምናልባት ወደ ታች ሲወርዱ ብቻ ቆጥሮት ይሆናል። በዚህ አላስቸግርዎትም።

፪. ስለ ውሃው። በወረቀታችሁ ላይ ሦስተኛው መመልከቻ ዘንድ ቧንቧ ተስሎ፣ ሥሩ «ንጹሕ የመጠጥ ውሃ» ተብሎ ተጽፏል። ልጄም ይህን እውነት ብላ በደብተሯ «ሦስተኛው፦ ውሃ አለ። ከእማዬ ጋር ምሳ እዚህ» ብላ አሰፈረች። ደብተሩን መኪናው ውስጥ አግኝተው ሰጡኝ። መኪናው የቆመው ከሁለተኛው መመልከቻ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው፤ የራዲያተሩ ቱቦ ፈንድቶ። እዚያ ስልክ አይሠራም። ወደ ኋላ ወደ በሩ ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው፤ ወደ ፊት ወደ ቧንቧው አራት። ክቡርነትዎ ቢሆኑ ወዴት እንደሚሄዱ አላውቅም፤ ልጄ ግን በእጇ የያዘችውን የመንግሥት ወረቀት ተማምና ወደ ፊት ሄደች።

ወረቀታችሁን ላማው አልፈልግም፤ ቧንቧው በእርግጥ በቦታው አለ። ውሃው ብቻ ነው ከልጄ አራት ዓመት ቀድሞ የሄደው። ለመጀመሪያው ደብዳቤዬ መልስ ብላችሁ በላካችሁልኝ አዲስ እትም ላይ ደግሞ ቧንቧው ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ከአፉ አንዲት ጠብታ ስትወርድ አይቻለሁ። ወረቀቱም ከአምናው ይወፍራል። ለመሻሻሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ጥያቄዬ፣ ጠብታዋ የምትወርደው ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው? የምሳ ሰዓታችንን ከእሷ ጋር ለማስማማት ነው።

፫. ስለ መዝገቡ። በዚህ ላይ ትንሽ ብዘገይ ይታገሡኝ፤ የጻፍኩት ለዚህ ነውና።

ፓርክዎ ሁለት በር እንዳለው ከእኔ በላይ ያውቁታል። ጎብኚ በላይኛው በር ስሙንና የገባበትን ሰዓት ጽፎ ይገባል፤ አብዛኛው ሰው በታችኛው በር ይወጣል። መዝገቡ ያለው ግን ላይኛው በር ላይ ብቻ ነው። እንግዲህ በታች የወጣውን ሰው በላይ ማን ይጽፈዋል? ይህን ያወቅሁት ልጄን ከቀበርኩ በኋላ በሩ ድረስ ሄጄ ጥበቃውን ስጠይቀው ነው። ደግ ሰው ነው፤ ወንበሩን ለቆልኝ ቆመ። መዝገቡ ክፍት ካደረ አለቃ ስለሚቆጡ አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን በዚያ ቀን የገቡትን ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ አስወጥቶ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ሳይደብቅ ነገረኝ። ገጹንም አሳየኝ። ዘጠኝ ስሞች ነበሩ፤ ዘጠኙም ልክ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወጥተዋል። ልጄ ስድስተኛዋ ነች። ሰው ሁሉ በአንድ ደቂቃ የሚወጣበት እንዲህ ያለ ሥርዓት የትም አላየሁም።

በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ ስልክ ደውሎ ልጅቷ አድራለሁ ካለችበት ከተማ እንዳልደረሰች ሲነግራችሁ፣ ጸሐፊዎ መዝገቡን አስጠይቃ፣ ትናንት ወጥታለች፣ እኛ ከመዝገብ በላይ ምን እናውቃለን፣ ሌላ ቦታ ፈልጋት አለችው። እውነቷን ነው። እኛም ሌላ ቦታ ፈለግናት። ከታችኛው በር ማዶ ያሉትን ሐኪም ቤቶች ሁሉ፣ ፖሊስ ጣቢያዎችን ሁሉ፣ እሷ በሌለችበት ቦታ ሁሉ ሦስት ቀን ፈለግናት። በአራተኛው ቀን ሌሎች ጎብኚዎች ሦስተኛው መመልከቻ ጥላ ሥር፣ ከቧንቧው አጠገብ አገኟት። ሐኪሙ ወንድሜ ስልክ በደወለበት ሰዓት በሕይወት ነበረች ብሎኛል።

እኔ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ሃያ ሦስት ዓመት የሆስፒታል አንሶላ አስረክቤያለሁ፣ ተረክቤያለሁ። አንዲት የትራስ ልብስ እንኳ በእጄ ሳልይዛት ተመልሳለች ብዬ ፈርሜ አላውቅም። አለቃዬ ቢቆጣኝም ቁጣውን እችላለሁ፤ መዝገቡም ክፍት ያድራል። ይህን የምለው ለማስተማር አይደለም፤ ስድስተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ኃላፊ አያስተምርም። ጥበቃውንም እንዳይቀጡብኝ። እሱ ያደረገው እርስዎ ደስ የሚልዎትን ነው።

በሦስት ደብዳቤ የለመንኩት አንድ ነገር ነው፤ አሁንም እሱኑ እለምናለሁ። የልጄ ስም ባለበት መስመር ላይ የተጻፈውን የመውጫ ሰዓት ሰርዛችሁ «አልወጣችም» ብላችሁ ጻፉልኝ። ካሳ አልጠየቅሁም፤ ማንም እንዲታሰርልኝ አልጠየቅሁም። አንዲት ቃል ናት። ሦስቱም ጊዜ የመጣልኝ መልስ «ለፓርካችን ላሳዩት ፍላጎት እናመሰግናለን፤ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር ይጎብኙን» የሚል ነው። መላው ቤተሰቤ እኔና ወንድሜ ነን። ሦስተኛዋ ቀድማ መግባቷን ጽፌላችሁ ነበር።

ክቡርነትዎ በደረሱበት ሁሉ ቧንቧው ሁሉ ውሃ እንዲሰጥዎ፣ በጠፉ ጊዜም ከመዝገብ ይልቅ ሰው እንዲፈልግዎ እየጸለይኩ፣ ለሰጡኝ ሦስት መልስና ለወፍራሙ ወረቀት ደግሜ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ፓርክዎን ከልብ የምታከብር፣
የስድስተኛዋ ጎብኚ እናት

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው ግብዣችሁን አክብሬ ከወንድሜ ጋር መጣሁ። ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት በላይኛው በር ስማችንን ጽፈን ገባን። በአንደኛው መመልከቻ መኪና ውስጥ ጠበቅሁ፤ በደብተሩ እንደታዘዝኩት። በሦስተኛው ምሳ በላን። ጠብታዋ አልመጣችም፤ ከቤት ያመጣነውን ጠጣን። እዚያው አደርን። ልንሄድ ስንል የሞላ ጀሪካን ከቧንቧው ሥር አስቀምጬ «የወረቀቱ ውሃ ይህ ነው፤ የጨረሰ ይሙላ» የሚል ጽሑፍ አሰርኩበት። ረቡዕ ጠዋት ወደ ላይኛው በር ተመልሰን መውጫዬን ልፈርም መዝገቡን ጠየቅሁ። ጥበቃው ገጹን ገልጦ አየና፣ በጣም በአክብሮት፣ እናቴ እርስዎ እኮ ትናንት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወጥተዋል አለኝ። የእኔንና የወንድሜን ሰርዤ ትክክለኛውን ሰዓት ጻፍኩ። የልጄን መስመር ግን አልነካሁትም፤ እሱን የሚሰርዘው ያስወጣት ሰው ነው። እስክሪብቶዬን እዚያው ትቼልዎታለሁ።