ግማሽ ሬዲዮ

ፍራንክፈርት፣ ቦናመስ
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ በዚህ አገር አቆጣጠር ሜይ 20፣ 2025

ለተወደድሽው ለቤቴል፣ ኪል ከተማ፤

እንዴት ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፤ እጄ ግን አሁንም ሳይንቀጠቀጥ ሽቦ ይበይዳል። እናትሽም ደህና ናት፤ የእሷን ደህንነት ግን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ፤ በየእሑዱ ትነጋገራላችሁ።

ዙሪያ ጥምጥም አልወድም፤ የምጽፍልሽ ስለ አንድ ወረቀት ነው። የምትሠሪበት የፖሊስ ሬዲዮ ማዕከል ሰኔ 14 ለሠራተኞች ቤተሰብ በሩን ይከፍታል ብለሽ ለእናትሽ የላክሽው ቅጽ ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሁለት ሰው መመዝገብ ይቻላል ይላል። በመጀመሪያው መስመር እናትሽ ስሟን ጽፋለች። ሁለተኛው መስመር ባዶ ነው። ቅጹ እስከ ግንቦት 22 እጅሽ መግባት አለበት።

«እኔንም ጻፊኝ» አልኳት።

«አልጽፍህም» አለች፣ ሽንኩርቷን መክተፍ ሳታቆም። «እጅ አለህ፣ እስክሪብቶ አለህ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ እሷ እኔን ታዳምጣለህ እንጂ እሷን አንድ ቀን ጠይቀሃታል?»

«ምን ብዬ ልጠይቃት?»

«እሱን ለእሷ ጻፈው፣ አንተ ሰውዬ! ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?»

ስለዚህ እየጻፍኩ ነው።

ሬዲዮን ማንም እንዳላስተማረኝ ታውቂያለሽ። ናዝሬት ሳለሁ አንድ የተበላሸ ሬዲዮ ፈታሁ፣ መልሼ ገጠምኩ፣ ሦስት ብሎን ተረፈኝ፤ ሬዲዮው ግን ሠራ። ጀርመንኛንም የተማርኩት እንደዚያው ነው። ሌሎቹ የቋንቋ ኩርስ ሲገቡ እኔ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሻንጣ ስጭን ውዬ እመጣና የፖሊስ ሬዲዮ እከፍታለሁ። ክልክል መሆኑን አውቅ ነበር። በቀይ መብራት መንገድ ተሻግሬ አላውቅም፤ በዚህ አገር የጣስኩት ሕግ ያንን ብቻ ነው። አንቺ አሁን ፖሊስ ነሽ፤ ከፈለግሽ ክሰሺኝ። ግን እንደ ፖሊስ ያለ አስተማሪ አላየሁም። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ዋናውን ነገር ሁለቴ ይደግማል፣ ስም ሲናገር ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የሰው ስም እየጠራ፣ ፊደል በፊደል ነው። አውስሌንደርበሆርደ፣ የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ ቢሮ፣ ሄጄ ስሜን «ጉስታፍ፣ ኤሚል፣ ዚግፍሪድ» እያልኩ ስናገር ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «ፖሊስ ነዎት እንዴ?» አለችኝ።

አንቺም ስምሽን የተማርሽው በዚያ ነው። ባልኮናችን ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ፣ እግርሽ መሬት ሳይደርስ፣ «ቤርታ፣ ኤሚል፣ ቴዎዶር፣ ኤሚል፣ ሉድቪግ» ትይ ነበር። አንድ ቀን ማዕከሉ ይናገራል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይናገራል፤ አንቺ ቀና ብለሽ «አባዬ፣ ኡንት ቫስ ዛግት ዴር አንደረ?» አልሽ። ሌላኛውስ ሰውዬ ምን ይላል ማለትሽ ነው። ማዕከሉ በአንድ ሞገድ፣ የፖሊስ መኪናዎቹ በሌላ ሞገድ እንደሚናገሩ፣ የእኔ ሬዲዮ ደግሞ የማዕከሉን ብቻ እንደሚይዝ አስረዳሁሽ።

«ታዲያ የምንሰማው ግማሹን ነዋ!»

«ጥያቄውን የሰማ ሰው መልሱን ይገምታል» አልኩሽ። ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ለጎረቤታችን ለሓሚድም ነግሬው ነበር።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዴ ባልኮን ላይ ነበርኩ። አሥራ ሰባት ዓመትሽ ነው። የማዕከሏ ሴት መሀል ከተማ ስላለው ሃውፕትቫኸ ጣቢያ ስትናገር ሰማሁ። የእጅ ቦርሳ ስርቆት አለች። ዝም አለች። ልጅቷ አፍሪካዊት፣ አረንጓዴ ጃኬት አለች። ዝም አለች። ከዚያ የተነገራትን ስም ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ደገመችው፤ ቤርታ፣ ኤሚል፣ ቴዎዶር፣ ኤሚል፣ ሉድቪግ።

መኪናው ውስጥ ያለው ፖሊስ የመለሰውን አልሰማሁም። ገመትኩት።

በቤት ሸበጥ ኡ-ባን፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ውስጥ ገባሁ። ሃውፕትቫኸ ደረጃውን ስወጣ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆመሻል፤ የሴት ቦርሳ በእጅሽ ነው። ስታዪኝ ፈገግ አልሽ። ፈገግታሽን ድፍረት ነው ብዬ ቆጠርኩት። ረጅሙ ፖሊስ አንዴ እኔን አንዴ አንቺን አየና «ልጅዎ ናት?» ብሎ ጠየቀኝ።

የመለስኩትን አንቺም ሰምተሻል፣ እኔም ሰምቻለሁ። አንድ ቃል ነበር። «ናይን»፣ አይደለችም፣ አልኩና ደረጃውን መልሼ ወረድኩ።

ሌባውን ሮጠሽ ይዘሽ ቦርሳውን ለባለቤቱ፣ ለአንዲት አሮጊት፣ ያስጣልሽ አንቺ እንደሆንሽ፣ ስምሽንም የጻፉት ለምስክርነት እንደሆነ እናትሽ ነገረችኝ። «እንዲያ ከሆነ ጥሩ» አልኩ። ከዚያ በላይ አላልኩም። አንቺ አቢቱርሽን፣ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያውን፣ በጨረስሽ በሳምንቱ ሄድሽ። ለገና ስትመጪ እንኳ እዚሁ ከተማ ቦርንሃይም አክስትሽ ቤት ታርፊያለሽ፤ እናትሽ እዚያ ሄዳ ታይሻለች፣ እኔ ወንበሬን ወደ ባልኮን አዙሬ እቀመጣለሁ። ፖሊስ ልትሆኚ መግባትሽን ስሰማ እኔን ለማናደድ ነው አልኩ። አሁን እንደዚያ አላስብም።

አንቺ ከሄድሽ ጥቂት ዓመት ቆይቶ የፍራንክፈርት ፖሊስ ወደ ዲጂታል ዞረ። አንድ ጠዋት ሬዲዮዬን ስከፍት ሹሹታ ብቻ። ጎረቤታችን ሓሚድ፣ ያ አሥመራ በአማርኛ የተማረው ሽማግሌ፣ ወሬውን ሰምቶ እየሳቀ መጣ። «ገሰሰ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ፖሊሶቹ ካንተ ሸሹ አሉ!»

እኔ እንደዚህ በቀላሉ አልሸነፍም። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተዋስኩ፣ ላፕቶፕ ገዛሁ፣ አውራ ጣት የምታህል መቀበያ ሰካሁ፣ አንቴናውን የሕንፃው ተቆጣጣሪ ሃውስማይስተሩ እያጉረመረመ ባልኮን ላይ አቆምኩ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ ግን አገኘኋቸው። ሰው ሲናገር የላፕቶፑ ስክሪን ላይ አንድ ቢጫ መስመር ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሲያበቃ ይወርዳል። ድምፁ ግን ተቆልፏል፤ ቁልፉ ያለው የተፈቀደለት ሰው ብቻ ነው። ሓሚድ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያያል።

«ምን አሉ?»

«እየተናገሩ ነው።»

«እኮ ምን እያሉ?»

«እየተናገሩ ነው አልኩህ!»

«ይሄማ የኔ ሚስት ስታኮርፍ ነው። መኖሯ ይታወቃል፣ ቃል የለም።»

ቁልፉ በደንብ የተሠራ ነው፤ በደንብ የተሠራ ነገር አከብራለሁ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑን የምከፍተው መስመሩን ለማየት ብቻ ነው። ኪል ሩቅ ነው፣ ያንቺ መስመር እዚህ እንደማይደርስ አውቃለሁ።

ያንቺን ወሬ የማገኘው እናትሽ ስልክ ስታወራ ነው። እሷ ወጥ ቤት፣ እኔ ሳሎን። «እ... እሺ... በርዶሻል?... አይ አንቺ!» የሚለውን ሰምቼ የቀረውን እሞላለሁ። አምና «ፍሪዶ በላ? አሁንም ያስነጥሰዋል? ሐኪም ጋ ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ ያዥለት እንጂ» ስትል ሰማኋት። አገባሽ ማለት ነው፤ ለአባት ሳይነገር! ሦስት ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩ። የጸሎት ጉባኤያችን በሚከራየው አዳራሽ የድምፅ ማጉያውን ስጠግን እንኳ ማንንም አላናገርኩም። በመጨረሻ አልቻልኩም።

«ለመሆኑ ይሄ ፍሪዶ ሥራ አለው?» አልኳት።

እናትሽ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። እንባዋ እስኪፈስ ከሳቀች በኋላ ፎቶውን አሳየችኝ። ጆሮው ረጅም ነው፣ ጥሩ ውሻ ይመስላል።

እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅኩም። ሰባ አምስት ሊሞላኝ ነው፣ አሁንም ጥያቄውን ሰምቼ መልሱን የምገምት ሰው ነኝ። በርጩማው ላይ የተቀመጠችው ልጅ የጠየቀችኝ ጥያቄ ትክክል ነበር፤ መልሴ ነው የተሳሳተው። ይህን በጽሑፍ አረጋግጬልሻለሁ።

ስለ አዲሱ ሬዲዮ አንድ ነገር አንብቤአለሁ፤ ተሳስቼ ከሆነ አርሚኝ። የተፈቀደለት ሰው ጠያቂውንም መላሹንም ይሰማል፤ ያልተፈቀደለት ምንም አይሰማም። ግማሽ የሚባል ነገር ቀርቷል። ይሄኛው ይሻላል።

ስለዚህ ሁለተኛውን መስመር በገዛ እጄ ሞልቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ስሜን፣ የተወለድኩበትን ቀን፣ የመታወቂያዬን ቁጥር ጽፌአለሁ። ለሬዲዮ ክፍል ይህን ያህል መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ቀጥሎ «ከሠራተኛዋ ጋር ያለ ዝምድና» የሚል ሳጥን አለ። የዚያ የረጅሙ ፖሊስ ጥያቄ ነው፤ ያው ጥያቄ፣ በወረቀት። በትልልቁ «ፋተር»፣ አባት፣ ብዬ ጽፌበታለሁ፤ በማይለቅ ቀለም።

ከፈረምሽ ከእናትሽ ጋር በባቡር እመጣለሁ። እዚያ አንዲት ነገር አልነካም፣ ምክር አልሰጥም፤ ጥግ ላይ ቆሜ ስትሠሪ እሰማሻለሁ። ጫማዬን አሰፍቻለሁ፤ በሸበጥ አልመጣም። ካልፈረምሽ የእናትሽን መስመር ትተሽ የእኔን ሰርዢው። እሷን ጣቢያ ድረስ ሸኝቼ እመለሳለሁ፤ ቅሬታም አይኖረኝም።

ከታች በኩል «ከላይ የተጻፈው ዝምድና እውነት መሆኑን ሠራተኛዋ በፊርማዋ ታረጋግጥ» ይላል። ይህን አልገምትም፤ መገመት ትቻለሁ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ እንዳያመልጥሽ በእርሳስ ትንሽ ምልክት አድርጌበታለሁ።

እግዚአብሔር በጆሮሽ የሚገባውን የሰው ጭንቅ ሁሉ በቀና ቃል የምትመልሺ ያድርግሽ፤ ከሥራ ስትወጪም የሚሰማሽ ሰው አያሳጣሽ፣ ልጄ።

አባትሽ
ገሰሰ