የእንጨቱ ቴሌቪዥን ባለቤት፣ የአቶ ደምመላሽ ገብረ ማርያም የሕይወት ታሪክ

አቶ ደምመላሽ ገብረ ማርያም ከአባታቸው ከአቶ ገብረ ማርያም ይመር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋረጋ ሙሄ በ1934 ዓ.ም. በገራዶ ተወለዱ። እናታቸው ገና በልጅነታቸው ስላረፉባቸው፣ ታናሽ ወንድማቸውን አቶ በላቸውን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው። ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ዘመናዊ ትምህርት ለመከታተል ወደ ደሴ በመጡበት ጊዜም ወንድማቸውን ጥሎ መሄድ ጨንቋቸው ከመንገድ ይመለሱ እንደነበር ቤተ ዘመድ ይናገራል።

ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረሱ እዚያው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሙያ ቀስመው በኋላ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። በ1959 ዓ.ም. ከወይዘሮ አረጋሽ ተሰማ ጋር ጋብቻ መሥርተው ልጆቻቸውን ይመርንና እታገኝን አፈሩ። አቶ ደምመላሽ ጨዋታ ወዳድ ነበሩ። ሬዲዮ ሊያሠራ የመጣ ሰው ድምፁ ደስ ካላቸው ጥገናውን ትተው «እስቲ አንዴ አንጎራጉርልኝ» ይሉ ስለነበር፣ ስንቱ ሬዲዮ ሳይሠራ እንደከረመ ደንበኞቻቸው ያውቁታል።

በ1975 ዓ.ም. በሚኖሩበት በደሴ ሆጤ ሰፈር ለቀበሌው አዳራሽ የሕዝብ ቴሌቪዥን ሲገባ ቁልፉ ለእርሳቸው ተሰጠ። ሥርጭቱ የሚጀምረው አመሻሽ ላይ ቢሆንም ሰው አግዳሚ ወንበር ለመያዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሞላ ነበር። ይህ ሁሉ ሕዝብ የተቆለፈ ሣጥን ላይ ሲያፈጥ ማየት አላስቻላቸውም። በር የሚያህል የእንጨት ክፈፍ አሠርተው፣ መጋረጃ ሰቅለው፣ በጎኑ የጠርሙስ ክዳን እንደ ማዞሪያ ለጠፉበት። ከዚያም በየሠርጉና በየገበያው የሚጫወቱ፣ ከኪነት ቡድን ያልገቡ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎችን፣ ዋሽንት ነፊውን፣ ከበሮ መቺዋን፣ ማሲንቆ ገዝጋዡን እያመጡ ከክፈፉ ኋላ ያስቀምጡ ጀመር። ክዳኑን ያዞሩ መስለው መጋረጃውን ሲገልጡት አዳራሹ በእልልታና በሳቅ ይናጋል። ተመልካቹ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ ዘፋኙም ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። እውነተኛው ሥርጭት ከጀመረ በኋላ እንኳ «ጋሼ ደምመላሽ፣ ያን ይዝጉትና የእንጨቱን ይክፈቱልን» የሚል አይጠፋም ነበር።

ከሁሉ አስበልጠው የሚወዱት የኮምቦልቻውን ማሲንቆ ተጫዋች አቶ ጀላልን ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ገራዶንም ባልማረበት ወቅት፣ አቶ ጀላልን ሊያመጡ ኮምቦልቻ ወርደው ሲመለሱ፣ ወንድማቸው አቶ በላቸው ከነቤተሰባቸው ለሰፈራ ተጭነው ወደ ምዕራብ መሄዳቸውን ሰሙ። አቶ በላቸው ሊሰናበቷቸው ሰኞ ገበያ ድረስ መጥተው ሱቁን ዝግ አግኝተው ተመልሰዋል። ያ ቀን ከአቶ ደምመላሽ ልብ ወጥቶ አያውቅም። ደብዳቤ ቢልኩ መልስ ጠፋ፤ የሰፈራውን ጣቢያ ስም እንኳ በትክክል የሚነግራቸው አላገኙም። ከዚያ አገር የተመለሰ አንድ ሾፌር በሰፈራ መንደሮቹም አዳራሽ ውስጥ ቴሌቪዥን እንዳለ ሲያጫውታቸው ግን ፊታቸው በራ።

በ1979 ዓ.ም. የየአካባቢውን ዘፈን የሚቀርጹ ባለሙያዎች ከአዲስ አበባ ደሴ ሲመጡ ደጅ ጠንተው አቶ ጀላልን አስመዘገቡ። አሳባቸው አቶ ጀላልን አገር ሁሉ እንዲያያቸው ነበር፤ ደግሞም አቶ በላቸው ባሉበት ሆነው የሚያውቁትን ማሲንቆ እንዲሰሙ። የሚዘፈነው ግጥም አስቀድሞ ተጽፎ ታይቷል፤ በቦታው ያለ ሰው ሁሉ ጸጥ እንዲልም ታዟል። ማሲንቆው ሲጀምር ግን አቶ ደምመላሽ በእንጨቱ ቴሌቪዥን እንደለመዱት ካሜራውን ረስተው «ተቀበል!» አሉ። ዝናቡ መመለሱን ለወንድማቸው የሚነግር ግጥምም ሰጡ። ማሲንቆ ተጫዋች የተሰጠውን ግጥም መሬት አይጥልምና አቶ ጀላል ተቀበሉ።

ፕሮግራሙ በተላለፈበት ምሽት አዳራሹ እስከ ደጁ ሞላ። አቶ ጀላል አዲስ ጋቢ ለብሰው ፊት ተቀመጡ። የተቀረጹት ሁሉ ታዩ፤ እርሳቸው ግን አልታዩም። አስቀድሞ ያልተመረመረ ግጥምና ከውጭ የገባ ድምፅ ስላለበት ተቆርጦ መቅረቱ በኋላ ተነገራቸው። አቶ ደምመላሽ ለወንድማቸው ሲሉ የጓደኛቸውን ዕድል በማበላሸታቸው አንገታቸውን ደፍተው ይቅርታ ሲጠይቁ፣ አቶ ጀላል «አብሽር ወንድሜ! ወላሂ፣ እኔስ የተቀበልኩት በላቸው ይሰማል ብዬ ነው» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ የእንጨቱ መጋረጃ ከመዘጋቱ በፊት ያች ግጥም ሳትባል ቀርታ አታውቅም። አቶ ደምመላሽ «ከመንገደኛው አንዱ ያደርስልኛል» ይሉ ነበር። ያደረሰ ሰው ስለመኖሩ የሰማነው ነገር የለም፤ እርሳቸውም ወንድማቸውን እንደናፈቁ ኖሩ።

አቶ ደምመላሽ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በደሴ ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 12 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ48 ዓመታቸው አርፈዋል። በሕይወት ያሉት ወገኖቻቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ አረጋሽ፣ ልጆቻቸው ይመርና እታገኝ፣ እንዲሁም ወንድማቸው አቶ በላቸው ገብረ ማርያም ናቸው። የአቶ በላቸውን ስም ከሙታን ጋር እንዳንጽፍ በአልጋ ላይ ሆነው አጥብቀው አደራ ብለውናልና ከሕያዋን ጋር ጽፈነዋል።

አምላክ ነፍሳቸውን ናፍቆት በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ጽናቱን አይንፈገን።

አቶ ጀላል ዛሬ ማሲንቆ ሳይዙ ከመካከላችን ቆመዋል። ግጥም የሚሰጧቸው ሰው ግን የሉም። እንግዲህ ዛሬ እኛ እንሰጣለን፤ እርሳቸውም፣ ለቀስተኛውም፣ ወደዚያ አገር መንገድ ያለውም ሁሉ ይቀበለን፦

ወንድሜን ያያችሁ ከዚያ ከበረሃ፣
ንገሩት ዘነበ፣ ሞላ የእኛ ውኃ።