ጫፉ የተቆረጠው ዘንባባ

ቀበና፣ ጥቅምት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የጎሬ ዝናብ እንዴት ይዞሻል? ተማሪዎችሽስ ይሰሙሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል፤ ሐኪም ቤት ሂድ ስለው ነገ እያለ ይኸው ክረምቱ ወጣ። እኔም እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ብዙ እሠራለሁ፣ ከዚያ በላይ አወራለሁ።

ይህን ደብዳቤ እንደ ሌላው ጊዜ አባትሽን አላስጻፍኩትም። በመሠረተ ትምህርት በለቀምኩት ፊደል ራሴ ነኝ የምጽፍልሽ፤ መስመሩ ቢጣመም ታገሺኝ። በፖስታ ቤትም አላሳልፈውም። ቡና ሊጭን ወደ እናንተ የሚመጣው ሾፌር፣ ጎረቤታችን ይማም፣ ከዘንባባው ጋር በእጅሽ ይሰጥሻል። አንብበሽ ስትጨርሺ አቃጥይው።

ባለፈው ደብዳቤሽ ቤት መከራየትሽን ነግረሽን፣ ከእናትሽ ዘንባባ አንድ ቡቃያ እንድንልክልሽ ጠይቀሽ ነበር። ይህ ብቻ ቢሆን በደስታ እልክልሽ ነበር። አንቺ ግን ሲከፋሽ ያንን ዘንባባ እንደምታስቢ ጨምረሽ ጻፍሽ። ፈታሾች ቆርጠውት እንኳ ከሥሩ ተነሥቷል፣ እኔ ምን ሆኛለሁ እያልሽ እንደምትበረቺ። አባትሽ ይህችን ሲያነብልኝ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበርና እንባዬን በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

ልጄ፣ ዘንባባውን ፈታሾቹ አልቆረጡትም። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ እዚህ ቤት ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። እናትሽ ፀዳለ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ትሠራበት ከነበረው የፈረንጅ ቤት በቡቃያ አምጥታ፣ በዘይት ጣሳ ተክላ ያሳደገችው ዘንባባ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። አሥር ዓመት ኖሮ ቁመቱ ከወገቤ አይበልጥም። ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እሱ ነው። የፀዳለ ዘንባባ እንዴት ነው ይላሉ፤ እታገኝ እንዴት ነሽ የሚሉኝ ከዚያ በኋላ ነው። ቀናሁ። በሞተ ሰው መቅናት ያሳፍራል፤ ግን ቀናሁ።

እኔ ደግሞ የእንጦጦ ልጅ ነኝ። ከእናቴ ጋር የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሜ እየወረድኩ ነው ያደግሁት። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ይብስበታል፤ አንዱን ግንድ ብትጥይው በክረምቱ ከጉቶው አራት አምስት ሆኖ ይወጣል። የዘንባባው ቅጠል ጫፍ ጫፉን ሲደርቅ ሳይ፣ ይህም ያው ዛፍ ነው ብዬ አሰብኩ። ቆረጥ ባደርገው ተንዠርግጎ ይመጣል፣ ያን ጊዜ የእታገኝ እጅ ለምለም ነው ይሉኛል አልኩ። ሦስት ግንድ ነበረው፤ ሦስቱንም ከጉልበት በታች በቢላ ቆረጥኳቸው። አንቺ ለፈተና ልታጠኚ ኮተቤ፣ የእናትሽ ወዳጅ መብሩካ ቤት ሰንብተሽ ነበር። በሦስተኛው ቀን የመጋቢት 1969ኙ የቤት ለቤት አሰሳ መጣ።

መንገድ ተዘግቶ ስለነበር የተመለስሽው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ፈታሾቹ ፍራሹን ገልብጠው፣ የአባትሽን መጻሕፍት በትነው ሄደዋል፤ ጣሳውን ግን አልነኩትም። ገብተሽ ጉቶዎቹን አየሽና «ማን ነው?» አልሽኝ። ፊትሽን ሳየው ፈራሁ። «እነሱ ናቸው» አልኩሽ። አልቅሰሽ ይወጣልሻል ብዬ ነበር። አንቺ ግን ነጠላሽን እንኳ ሳትይዢ ቀበሌ ድረስ ሮጠሽ፣ ጀግንነታችሁ በሞተ ሰው ተክል ላይ ነው ወይ ብለሽ ጮህሽባቸው። ስምንት ወር አሰሩሽ።

ስንቅሽን ይዤ በየቀኑ ስመጣ ልናገር እያልኩ ነበር። ከቤት ስወጣ ቃሌን አዘጋጅቼ ነው፤ ልጅቷን ያሳሳትኳት እኔ ነኝ፣ እሷን ልቀቁና እኔን ያዙኝ ልል። በሩ ላይ ጠባቂው ምን ፈለግሽ ሲለኝ ስንቅ ነው እላለሁ። ሰሃኑን አቀብዬው እመለሳለሁ። ማግስቱንም እንደዚያው ነው።

ጉቶዎቹ አላቆጠቆጡም። ተጨንቄ ጠዋትና ማታ ውሃ ሳጠጣው ጭራሽ ሥሩም በሰበሰ። በነሐሴ ዝናብ መብሩካ ዘንድ ሄድኩ፤ ፀዳለ በሕይወት ሳለች ከዚሁ ዘንባባ ቡቃያ ለይታ ሰጥታት እንደነበር አውቅ ነበር። መብሩካ የዘንባባ ልቡ ጫፉ ላይ እንደሆነ፣ እሱ ከተቆረጠ ያ ግንድ እንደማይመለስ ነገረችኝ። ከዚያ አቆራረጡ እኩል ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሦስቱም እኩል ናቸው አልኳት። ፈታሽ እንዲህ አስተካክሎ አይቆርጥም አለችኝ። ተነሥታ የራሷን ዘንባባ ከጣሳው አወጣች፤ አፈሩን አራገፈች፤ የራሱ ሥር ያለውን አንድ ቡቃያ መርጣ በቢላ ለየችልኝ። ስትሰጠኝ «ልጅቷ ስትወጣ አንቺው ትነግሪያታለሽ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

በኅዳር ወጥተሽ ያንን ቡቃያ በእናትሽ ጣሳ ውስጥ ስታዪ ተንበርክከሽ ሳምሽው። ከሥሩ አቆጠቆጠ አልኩሽ። መብሩካ ለምን ቤታችን መምጣት ተወች እያልሽ ትጠይቂኝ ነበር፤ ለእሷ የገባሁትን ቃል ስላጠፍኩ ነው።

ለአባትሽ ባለፈው እሑድ ነገርኩት። እራቱን ሳይበላ ተኛ። ጠዋት ግን ጆንያ ፈልጎ ዘንባባውን ለመንገድ የጠቀለለው እሱ ነው። ቅጠሎቹን እያንዳንዳቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጓቸዋል።

የላክሁልሽ ቡቃያውን ሳይሆን ዋናውን ነው። ቀጥታ ፀሐይ አያግኘው። አፈሩን በጣትሽ ነክተሽ ደርቆ ካላገኘሽው ውሃ አትጨምሪ፤ እኔ በምን እንደገደልኩት ከላይ ነግሬሻለሁ። በጎኑ ትንሽ ቡቃያ ይዟል፤ የራሱን ሥር በደንብ ሳያወጣ አትለዪው፣ ሁለት ዓመትም ቢፈጅ ጠብቂው። በዓመት ሁለት ቅጠል ከሰጠሽ ደህና ነው ማለት ነው። በመብሩካ በኩል ዞሮ ቢመጣም ከፀዳለ እጅ የወጣ ነው፤ ይህኛው እውነት ነው።

እመቤቴ ማርያም ከክፉ ሁሉ ትጠብቅሽ። ያስተማርሻቸው ልጆች ለቁም ነገር በቅተው ለማየት ያብቃሽ። ቤትሽ የሰላም ቤት ይሁንልሽ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከእስር በወጣሽ ማግስት፣ ሊጠይቁሽ በመጡት ሰዎች ፊት፣ ስንቅ ያመላለሰችልኝ እናቴ ናት አልሽ። እስከዚያ ቀን በስሜ ነበር የምትጠሪኝ። ከዚያ ወዲህ ለአንቺ በተላከ ደብዳቤ ሁሉ መጨረሻ ላይ አባትሽን «እናትሽ» ብለህ ጻፍልኝ እለው ነበር። ስሙን የሰጠሽኝ ይህን ሳታውቂ ነውና ዛሬ መልሼልሻለሁ። ተመልሶ ከመጣልኝ ይምጣልኝ፤ ካልመጣም አልቀየምሽም።

የአባትሽ ባለቤት