ሽበቴን የሸፈንሁበት ሂና

ደብረ ታቦር፤ ጥር ፱ ቀን ፲፰፻፶፬ ዓ.ም.፤ ዘመነ ማርቆስ።

ፀጉሬን ሂና የምትቀባኝ የደሪጣዋ ዘይነባ ታማ ቀረች። ሽበቱ ከሥሩ ጣት ያህል ወጥቷል። ባለቤቴ ዛሬ ከዘመቻ ይገባሉ ተብሏል፤ ሲሄዱ አንድም ሽበት አልነበረኝም። ስለዚህ የተረፈውን ሂና በሙቅ ውኃ ለውሼ ጠዋት ራሴ ተቀባሁት። ዘይነባ ለማጥቆር ምን እንደምትጨምርበት ግን አላውቅም። ጫፉ እንደ ጥንቱ ጠቆር ብሎ ቀረ፤ ሥሩ እንደ ቀበሮ ቀላ። ታናሽ እህቴ አይታ፣ «እታለም፣ ራስሽ ላይ እሳት ተነሣ እኮ!» ብላ ሳቀች። ቅቤ ብቀባውም መቅላቱን አልተወም። በሻሽ ጠቅልዬ ተቀመጥሁ።

ከቀትር በኋላ ባለቤቴ ደረሱ። አብሯቸው የዘመተው ወንድማችን የለም፤ በቅሎው ብቻ ባዶዋን ትከተላቸዋለች።

«ጌታዬ፣ ወንድማችንስ?» አልኋቸው።

መሬት መሬት አዩ። «እግዜር ያጥናችሁ» አሉ።

ሻሹን ከራሴ ላይ ጣልሁት። ባለቤቴ ፀጉሬን አዩት። ለቅሶው ጋብ ሲል እህቴ ምላጭ አመጣች። መጀመሪያ እኔ እሷን ላጨሁ፤ ቀጥሎ እሷ እኔን ላጨች።

አሁን ራሴን ይበርደኛል።