እንከን የለውም ብዬ የጻፍኩልህ ጠረጴዛ

ጀማልዬ፣

ከተለየኸን አስራ አንድ ወር ሞላ። ሰው ሁሉ ጊዜ ይሽረዋል ብሎኝ ነበር፤ እኔ እንደምታውቀው ሰው የሚለውን ቶሎ አላምንም፣ ይህንንም አላመንኩም። አሁንም ከሥራ ስመለስ ሦስተኛው ፎቅ ላይ እቆማለሁ። በመጨረሻ ወራትህ ትንፋሽህን የምትሰበስብበት ቦታ ስለነበር እግሬ ለምዶታል። ጎረቤት ሲያየኝ የደከመኝ ይመስለዋል።

ቤታችን ደህና ነው። ልጃችን ሂክማ ሥራ ጀምራለች፤ እዚሁ ቤት ሆና በኮምፒውተር የምትሠራው ነው። ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ለማናውቃቸው ሰዎች በእንግሊዝኛ ይቅርታ ትጠይቃለች። ከአያት ሰፈር ወደ እንጨት ወርክሾፕህ የሚወስደው መንገድ ተቆፍሮ ታክሲው በሌላ በኩል ዞሮ ነው የሚሄደው። መኪናውን በራችን ላይ የሚያቆመው ሰውዬ አሁንም ያቆማል፤ የሚቆጣው ብቻ ጠፋ። ከክፍል ክፍል እየዞርኩ መብራት የማጠፋውም እኔ ሆኛለሁ። የቆጣሪ ዘበኛ እያልኩ ስቀልድብህ የነበርኩት ሴት፣ ይኸው ሹመትህን ወረስኩ።

የምጽፍልህ ግን የሰፈር ወሬ ላቀብልህ ብዬ አይደለም። በሕይወት ሳለህ ልነግርህ ይገባኝ የነበረ ነገር አለ።

ተካ ወርክሾፑን ብቻውን ይዞታል። አስራ አራት ዓመት ከአንተ ጋር እንጨት ሲልግ ኖሮ አሁን ጠዋት ጠዋት ማሽኑን ሳያስነሳ ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ ይቀመጣል አሉ። ባለፈው ወር መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ሃያ አራት ጠረጴዛ አዘዘው። ካሳያቸው ሥራ ሁሉ የመረጡት የመጨረሻህን ነው፤ ሽቦው በሙሉ ከኋላ ባለው ሳጥን ውስጥ የሚደበቅበትን፣ ኮምፒውተሩም ፕሪንተሩም መብራቱም በአንድ ማጥፊያ የሚጠፋበትን። ቤት ድረስ መጥቶ ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አንዲት ምስማር ሳይቀይር፣ አንተ እንደተውከው እንደሚሠራው ማለልኝ። ደብተሩንም ይዞ መጥቶ የኔን ገጽ ገልጦ አሳየኝ። ምንም እንከን የለውም ይላል። የራሴ እጅ ጽሑፍ ነው። ግን ውሸት ነበር።

መቼም ደብተሩን አትረሳውም። የሠራኸውን አዲስ ዓይነት ጠረጴዛ ሁሉ ለአንድ ሳምንት ሰው ታስቀምጥበታለህ፤ እግሩ ላይ ደብተር በሲባጎ አስረህ፣ የተቀመጠበት ሰው ያልተመቸውን እንዲጽፍልህ። ሰዉ ግን ይሉኝታ እየያዘው እጅህ ይባረክ፣ አላህ ዕድሜህን ያርዝመው እያለ ገጹን ይሞላልሃል። አንተ ትበሳጫለህ፤ ምርቃት ጠረጴዛ አያስተካክልም ትላለህ። ስለዚህ የመጨረሻዋ ፈታኝ እኔ ነበርኩ። ለደንበኞችህም ሚስቴ ካልተሳደበችበት ሥራው አላለቀም እያልክ ታስቃቸው ነበር።

የተዋወቅነውስ በዚሁ አይደል? ቢሮአችን ጠረጴዛ ልትጠግን መጥተህ፣ ጨርሰህ እጅህን ስታራግፍ፣ ወደ ግራ ያዘነብላል አልኩህ። ተንበርክከህ ለካህና ያዘነብል ኖሯል። ከሳምንት በኋላ ማንም ሳይጠራህ ተመልሰህ መጣህ፤ ሌላ የሚያዘነብል ነገር ካለ ልትጠይቅ።

ከዚያ ወዲህ አላሳፈርኩህም። ዕድሜዬን በኮሌጅ ሬጅስትራር ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ የኖርኩ ሰው ነኝና ጠረጴዛ ሰውን የት የት ጋ እንደሚያሠቃይ አውቃለሁ። መብራቱ ከመደርደሪያው ሥር የተገጠመበትን፣ ብርሃኑ ወረቀቱን ትቶ ዓይኔ ውስጥ ይገባል ብዬ ጻፍኩ። ሥራ ሲያልቅ የሚታጠፈውን፣ ሦስት ጊዜ ጣቴን ነክሶኛል ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም ሲታጠፍ የሬሳ ሳጥን ይመስላል የሚል ጨመርኩ። ለተካ ደውለህ ቃል በቃል አነበብክለት፤ ሳቅህ እስከ ደረጃው ይሰማ ነበር። በሳምንቱ ጠረጴዛው ተስተካክሎ መጣ። ሌላ ባልና ሚስት በምን እንደሚዋደድ አላውቅም፤ እኛ በዚያ ደብተር ነበር የምንዋደደው።

ከዚያ ሕመሙ መጣ። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ የጉበትህን ነገር ሲነግረኝ አንተ ውስጥ ሸሚዝህን እየቆለፍክ ነበር። ወንድሞችህ ከቡታጅራ መጡ፤ ተመካከርንና እንዳይነገርህ ተወሰነ። ወጋችን ነው፤ የታመመ ሰው ተስፋው አይቆረጥም ተባለ። ጨጓራ ነው አልንህ። አንተም እሺ ጨጓራ ነው ብለህ ሥራህን ቀጠልክ። ፊትህ ቆሜ አንዲት ነገር መሸፋፈን የማልችል ሴት፣ አምስት ወር ሙሉ ዋሸሁህ።

የመጨረሻውን ጠረጴዛ በዚያ መሃል ነው የሠራኸው። ተካና ሁለት ሰዎች ተሸክመው አራተኛ ፎቅ አወጡት፤ አንተ ባዶ እጅህን ግድግዳ እየተደገፍክ ከኋላ ወጣህ። መስኮቱ ሥር አስቀመጡት። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። አንድም ሽቦ አይታይም። ሥራህን ስትጨርስ ከጉልበትህ አጠገብ ያለችውን ማጥፊያ ትነካና ሁሉም ነገር ጭልም ይላል፤ ለማንም የማታበራ ቀይ መብራት እንኳ ቆጣሪ እያስቆጠረች አታድርም። ደብተሩን አስረህ አልጋው ላይ ተቀመጥክና ትጠብቀኝ ጀመር።

በመጀመሪያው ቀን ጉልበቴ ማጥፊያዋን መታት። ላፕቶፔ ባትሪው የሞተ ስለሆነ ግማሽ ቀን ያስገባሁት የተማሪ ውጤት ድራሹ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አንተ እንቅልፍ ወስዶህ ሳለ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። የሳጥኑን ክዳን ስከፍት ሽቦው ሁሉ የሚሰካበት ዲቫይደር በጎኑ ቀልጦ ለስልሷል፤ እንጨቱም ከውስጥ በኩል ጠቁሯል። ለዚያ ሁሉ ቻርጀርና ሽቦ አየር የሚገባበት አንድ ቀዳዳ አልተውክለትም። ጤነኛው ጀማል ቢሆን ይህ አያመልጠውም ነበር። ሕመሙ ያደከመብህ ሰውነትህን ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ነው የገባኝ። አዲስ ዲቫይደር ገዝቼ በድብቅ ቀየርኩት። ክዳኑን በእንጨት ማንኪያ ደግፌ ከፍቼ እተወዋለሁ፤ ስትነቃ ማንኪያውን አንስቼ እዘጋዋለሁ።

በሳምንቱ መጨረሻ ደብተሩን አነሳሁ። ሸሚዝህ ሰፍቶብህ፣ አንገትህ ቀጥኖ፣ ትራስ ተደግፈህ እጄን ታይ ነበር። ይህን ሰው እንዴት ብዬ ሥራህ ቤት ያቃጥላል ልበለው? ምንም እንከን የለውም ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥራዎችህ ሁሉ ይህ ይበልጣል ብዬም ጨመርኩበት። ተቀብለህ አነበብከው። አልሳቅክም። ደግመህ አየኸውና ቀስ ብለህ አመሰገንከኝ፤ ከዚያ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ ተኛህ። ደክሞህ መስሎኝ ብርድ ልብስ ደረብኩልህ።

እንግዲህ ተካ በሃያ አራት ሊያባዛው የነበረው ይህንን ነው። የሰው ልጆች ክዳኑን ገጥመው ቀኑን ሙሉ ሊቀመጡበት። እኔ ይህን እያወቅኩ ሁለት ሳምንት አፌን ዘጋሁ። ከሞትክ ወዲህ ስለ አንተ ክፉ የሚናገር የለም፤ ለቅሶው ላይ ሲያወሩህ የሰማሁት ሰው አብሬው የኖርኩት አልመስል ብሎኝ ነበር። ሥራህም እንዳንተው ሆነ፤ የሚነቅፈው ጠፋ። ማሠልጠኛውም፣ ተካም፣ ወንድሞችህም የጀማል መታሰቢያ ይሉት ጀምረዋል። ሙት ወቃሽ መሆን ለማንም ይከብዳል፤ ለሚስት ደግሞ ይብሳል። ሂክማ እንኳ ማንኪያው ዛሬም ክዳኑ ሥር ለምን እንደተቀረቀረ ጠይቃኝ አታውቅም፤ የእናቷ አመል አድርጋ ወስዳዋለች።

በመጨረሻ ቅዳሜ ዕለት ወርክሾፑ ሄድኩ። ስደርስ የሃያ አራቱም እንጨት ተቆርጦ ግድግዳው ሥር ተደርድሯል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ብዬ ጀመርኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ሙቀቱን፣ የጠቆረውን እንጨት፣ ጉልበት የሚመታትን ማጥፊያ፣ የጻፍኩትን ውሸት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ተካ ግን እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና ጣውላው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ፣ ያንን ገጽ ባነበብክ ማግስት ደውለህለት እንደነበር ነገረኝ። ያልከውን አልረሳውም።

«ሉባባ ጠረጴዛዬን አመሰገነችው፣ ተካ። እንግዲህ አልተርፍም ማለት ነው።»

ለእኔ እንዳይነግረኝም አስምለኸው ነበር። ደበቅኩት ብላ ትጽናና፣ አትንካት ብለኸዋል።

ጀማልዬ፣ ከዚያ በኋላ እኮ ሁለት ወር ኖረሃል። ሁለት ወር ሙሉ አንድ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተኝተን፣ አንተም እያወቅክ እኔም እያወቅኩ፣ ስለ ጨጓራ ነበር የምናወራው። ቃሪያ ይቅርብህ ስልህ እሺ ትለኝ ነበር። ፈርተህ ነበር? ስለ ሂክማ ልትለኝ የፈለግከው ነገር ነበር? አንዱንም አልጠየቅኩህም፣ አንዱንም አልነገርከኝም። መሞትህን የነገረህ ሐኪሙ አይደለም፣ ወንድሞችህም አይደሉም። እኔ ነኝ የነገርኩህ፤ ነግሬህም ብቻህን ተውኩህ።

ጠረጴዛውን አስተካክለነዋል። ተካ ለሳጥኑ ከኋላ በኩል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አወጣለት፤ ውስጡ ቆርቆሮ ለበሰ፤ ማጥፊያዋም ከጉልበት ሸሽታ ወደ ላይ ወጣች። አንዱን ሠርቶ ሲጨርስ ቀኑን ሙሉ ተቀመጥኩበት፤ አልሞቀም። ደብተሩ ላይ አዲስ ገጽ ገልጬ እንደ ድሮዬ ጻፍኩ፤ መሳቢያው ይንቋቋል፣ ጠርዙ ክንድ ይቧጭራል አልኩ። ተካ አንብቦ መሳቢያውን ሊልግ ገባ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ለቅሶ ላይ እንደተወራው አድርጌ አላስታውስህም፤ ቃሌ ነው። የማስታውሰው የሚያንኮራፋውን፣ አንዴ ችክ ካለ የማይመለሰውን፣ ስህተቱን ሲነግሩት ደስ የሚለውን ሰው ነው። ሰዎች ጀማል እንከን አልነበረበትም ሲሉ ቁጭ ብዬ አልሰማም፤ እንከንህን አንድ በአንድ ለልጅህ እነግራታለሁ።

አላህ ይዘንልህ። ጠረጴዛህ ይሞቅ ነበር፣ ጀማልዬ። ያኔ እንደ ልማዴ ብሰድብህ ኖሮ ምናልባት ጥቂት ቀን ተስፋ አድርገህ ትኖር ነበር። ወይም እውነቱን ነግሬህ እጅ ለእጅ ተያይዘን እናለቅስ ነበር። ሁለቱንም ነፈግኩህ፤ ይህንንም አልረሳም።

ባለቤትህ ሉባባ