ከጤና ጣቢያው ደረጃ ሥር የተጻፈ ምስጋና

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ
ባሉበት ስብሰባ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ስለተደረገልኝ ውለታ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም እርስዎ የሚመሩትን ጤና ጣቢያ ደጅ የማያስጠና ዓይነት ጤና። እኔ ከገበያው ማዶ በእጅ በሚዞር መኪና ልብስ የምሰፋ፣ እግሮቼ ከልጅነቴ ጀምሮ የማይታዘዙኝ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የምንቀሳቀስ ታካሚዎ ነኝ። ፊቴን ባያስታውሱት እንኳ መወጣጫው በተመረቀ ዕለት ከጎኔ ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ መግቢያው ላይ ተሰቅሏልና፣ ሲያልፉ ቀና ቢሉ ያገኙኛል። ይህን የምጽፈው ለመክሰስ አይደለም፤ ውለታ ሳይነገር ሲቀር ስለሚከነክነኝ ነው።

1ኛ. ስለ መወጣጫው አመሰግናለሁ። ለአካል ጉዳተኞች ተብሎ የተሠራው ይህ መወጣጫ ሪባን ተቆርጦለትና ተጨብጭቦለት ዛሬም እንዳማረበት ነው። የሚያደርሰው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ሲሆን፣ በሩ ሁልጊዜ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ያለው በንብረት ክፍል ሠራተኛው እጅ ነው፤ ሠራተኛው ደግሞ ስልጠና ላይ ናቸው። ስለዚህ እወጣለሁ፣ ትንፋሼን እሰበስባለሁ፣ በሩን ዐይቼ እመለሳለሁ። ለክንድ ጥሩ ስፖርት ነው።

2ኛ. ኪሎዬ ስለሚታወቅበት ጥበብ አመሰግናለሁ። ሚዛኑ ቆሞ ለሚመዘን ሰው ብቻ በመሆኑ ተረኛዋ ሲስተር ከላይ እስከ ታች ቃኝታኝ በግምት ትጽፋለች። በጠዋቷ ተረኛ ግምት ደልደል ያልኩ ሴት ስሆን በከሰዓቷ ተረኛ ግምት ነፋስ የሚወስደኝ ነኝ፤ መድኃኒቱም የሚታዘዘው በዚሁ ነው። ጎረቤቶቼ «በምን ከሳሽ?» ሲሉኝ «ተረኛ ተቀይሮ ነው» እላቸዋለሁ።

3ኛ. ሐኪምዎ ከታናሽ እህቴ ጋር ስለሚያደርጉት ውይይትም አመሰግናለሁ። ሐኪም ፊት ስቀርብ ወንበሬን የምትገፋልኝ እሷ ስለሆነች፣ ሐኪሙ እኔን ዘለው እሷን «ምን ይሰማታል?» ይሏታል። እህቴ እንደ እኔ በደብዳቤ የምትታገሥ ሰው አይደለችምና ባለፈው «ዶክተር፣ አፏ እኮ እግሯ ላይ አይደለም» ብላቸዋለች። ስለ ድፍረቷ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የተናገረችው ግን ልክ ነው።

4ኛ. ወደ ዋናው ውለታ ልምጣ። የሕክምና ክፍሎቹ በሙሉ ፎቅ ላይ ስለሆኑ፣ ሊፍትም ስለሌለ፣ ሐኪምዎ ወርደው ግቢው ውስጥ፣ ተራ ጠባቂው በተደረደረበት አግዳሚ ወንበር ፊት ያዩኛል። ለጉንፋን ግድ የለኝም፤ ጉሮሮዬን አገር ቢያየው ጉሮሮ ነው። አሁን የያዘኝ ግን የመቀመጫ ቁስል ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚውል፣ ገላውም ሕመምን ለማይነግረው ሰው ይህ ቁስል ሳያሳውቅ ይገባል፤ ካልታየና ካልታጠበ ወደ አጥንት ይዘልቃል፣ ከዘለቀም ይገድላል። ሐኪሙ ወርደው «በይ እስኪ አሳዪኝ» አሉኝ፤ እዚያው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቀሚስና ሱሪ በሰፋሁላቸው ሰዎች መካከል። ጥበቃው በቅንነት ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። አንዲት እናት በሻርፓቸው ሊከልሉኝ ብድግ አሉ፤ ሻርፕ ግን ለአንገት እንጂ ለዚህ አልተሠራም። ሌላ መላ ብጠይቅ ተሸክመን እናውጣሽ አሉኝ፤ አምና እንዲሁ ተሸክመው ደረጃው መሃል ጥለውኛልና ይቅርብኝ አልኩ። ሳልታይ ተመለስኩ። የተመለስኩት ተናድጄ ነው፤ አፍሬ እንዳይመስልዎ። ማፈር የነበረበት ሰው ስብሰባ ላይ ነበር። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ ቁስል ግን ዝም ሲሉት ይነቅዛል።

5ኛ. በመጨረሻም ስለ ቢሮዎ። በሕንፃው ምድር ቤት ያለው አንድ ሰፊ ክፍል፣ ቀድሞ ቁስል የሚታጠብበት፣ ዛሬ የእርስዎ ቢሮ ሆኗል። ጉልበትዎን ስለሚያምዎት ደረጃ እንዳይወጡ ተብሎ ነው ሲባል ከልቤ ደስ አለኝ፤ የታመመ ሰው ደረጃ መውጣት እንደሌለበት የገባው ኃላፊ አለን ማለት ነውና።

በዚህ የጋራ አቋማችን መሠረት፣ በመጪው ሰኞ ጠዋት የምታከመው እርስዎ ቢሮ ውስጥ መሆኑን በአክብሮት አስታውቃለሁ። በሩ ወንበሬን ያሳልፋል፤ ስብሰባ ላይ ሳሉ ለክቼዋለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝና ሜትር ከአንገቴ አይጠፋም። ለረጅሙ ጠረጴዛዎ ንጹሕ አንሶላ፣ ለመስኮትዎ መጋረጃ ሰፍቻለሁ። ቁስል የምታጥብልኝ ሲስተር፣ የትኛዋ እንደሆነች አልነግርዎትም እንጂ፣ ደረጃ መውረድ አይከብደኝም ብላለች። በክራንች የሚሄደው ጫማ ሰፊያችንም ከእኔ ቀጥሎ ተራ ይዟል። ይፈቀድልኝ እንዳላልኩ ልብ ይበሉልኝ። ጥበቃው ቢከለክለኝ በርዎ ላይ እቀመጣለሁ፤ በመቀመጥ ደግሞ ከእኔ የሚበልጥ ልምድ ያለው ሰው በአካባቢው የለም።

በታላቅ አክብሮት፣ ከወገቤ በላይ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣ ከወገቤ በታች ግን ማንም ንቅንቅ የማያደርገኝ፣

ልብስ ሰፊዋ ታካሚዎ

ግልባጭ፦
አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተራ ለሚጠብቁ ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ሰኞ ወደ ቢሮዎ ሲገቡ እባክዎ ያንኳኩ። ልብሴን አውልቄ ሊሆን ይችላል፤ በጤና ጣቢያዎ፣ በሩ በሚዘጋ ክፍል ውስጥ ሳወልቅ ደግሞ የመጀመሪያዬ ነው።